አውፍ

በብሬመርሃፈን ወደብ፥ በአዛውንቶች ማደሪያ ቤት፥
የሦስተኛው ፎቅ ተረኛ ነኝ፥ ሰኞና ሐሙስ ሌሊት።
ኪሴ ውስጥ ወረቀት አለ፥ አራት ቦታ የታጠፈ፥
በግራ ግስ፥ በቀኝ ትንሽ ቃል፥ በእርሳስ የተጻፈ።
«መጠበቅ» ያለ «አውፍ» አይሄድም፤ «ማሰብ» «አን»ን ይፈልጋል፤
«ማለም» ከ«ፎን» ጋር ያድራል፤ «መፍራት» ከ«ፎር» ኋላ ይደበቃል።
ለምን? ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መምህሩ ግንባሩን ፈተገ፥
«ለምን የለውም፤ ይሸመደዳል» ብሎ ሰሌዳውን ጠረገ።

አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ይህ ሁሉ አንድ ፊደል ነው፤
«በ»፥ «ለ»፥ «ከ»፤ እንደ መዥገር ከስም አንገት የሚጣበቀው።
አንዳንዴም ግስ ሆድ ይገባል፤ «ዘነበብኝ» ስል፥ ከደመናው ሥር
በዚያች «ብ» ውስጥ ቆሜያለሁ፥ በስብሼ፥ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር።
ጀርመንኛ ግን ነጥሎ ያቆመዋል ትንሹን ቃል፥
እንደ ኬላ ዘበኛ፤ ስታልፍ መታወቂያ ይጠይቅሃል።

ፍራው ሂንሪክስ፥ ክፍል ሦስት መቶ አሥራ አራት፥
ሠላሳ አንድ ዓመት የዓሣ ጨረታ ቤት ጸሐፊ የነበሩት እመቤት፥
የልጃቸውን ስም ረስተዋል። ቁርስ መብላታቸውን ረስተዋል።
መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሆኖ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።
አንድ ሌሊት በመስኮቱ የወደቡን መብራት ሲያዩ
«ማንን ነው የሚጠብቁት?» ልላቸው
ከእንግሊዝኛ የተረፈኝን «ፉር» ግሱ ላይ ሰካሁ።
የአልጋውን ብረት በጣታቸው ቀጭ አደረጉት፤
«አውፍ! ወጣቱ፥ አውፍ ነው!»
ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ፥ «አውፍ ኤኖ»።

ዳኑታ ነገረችኝ፤ ኤኖ ባላቸው ነው፥ በአይስላንድ ባሕር ዓሣ ያሰግር የነበረ፤
ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ፤ ባሕሩ ሳይነካው፥ ሶፋ ላይ፥ ጋዜጣ ይዞ የቀረ።

«አውፍ» ማለት «ላይ» ነው እኮ፥ መዝገበ ቃላቱ እንደሚለው።
ሰውን እዚህ የሚጠብቁት በላዩ ሆነው ነው፥
እንደ ተሸከፈ ሻንጣ፥ አውቶቡስ እስኪመጣ ተቀምጠውበት።
እሳቸውም ካፖርት ደርበው ኤኖ ላይ ተቀምጠው ያድራሉ፤
ሻንጣው ባዶ ነው ምናልባት።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪዬ እሳቸው ሆኑ።
መድኃኒት ስሰጣቸው «ማመስገን?» እላለሁ፤ «ፉር» ይላሉ።
«መለመን?» «ኡም»። «መሳቅ?» «ዩበር»።
አንድ ክኒን፥ አንድ ግስ፥ አንድ ጉንጭ ውሃ፤
አንዴም ስተው አያውቁም ነበር።

«መደሰት» ግን ሁለት በር አለው፤ ወረቀቴ ላይ አስምሬበታለሁ፤
ለደረሰልኝ ደስታ «ዩበር»፥ ለሚመጣው «አውፍ» እላለሁ።
በመጋቢት፥ ጉም ወደቡን ሲውጠው፥ የመርከብ ጡሩንባ ሲያቃስት፥
እጄን ያዙኝ፤ ፊታቸው በራ፤ ደስ ብሏቸዋል፥ «አውፍ» ትናንት።
ትናንትን! በሚመጣው በር! ስሕተት ነው፤ ዓይን ያወጣ ስሕተት።
ጣቴ የአልጋውን ብረት ሊመታ ተነሣ፤
ብረቱ ቀዘቀዘው። እዚያው ዐረፈ።
«ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አልኋቸው።
«በስድስቱ ባቡር» አሉ፤ «ፀጉሬን አበጥርልኝ።»
ያቺን «ልኝ» በጀርመንኛ እንዴት እንዳሏት ወረቀቴ ላይ የለም።
ብሩሹን አመጣሁ።

ሲነጋ መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦
«ክፍል ሦስት መቶ አሥራ አራት። አልተኙም። ይጠብቃሉ፥ አውፍ»
ከዚያ ወዲያ ክፍት ተውሁት።
ዳኑታ ኮቷን ሳታወልቅ አነበበችው።
«አውፍ ምን?» አለች።
«አላለቀም» አልኋት፤ ቁልፉን ሰጥቻት ወጣሁ።